ደምሴ ለምን ወረደ

ኮረብታው ስም የለውም። ካለውም እኛ አልሰማነውም። ከጣርማ በር ዋሻ ወጥቶ ቁልቁል ሲኬድ፣ ከመንገዱ ራቅ ብሎ፣ አናቱ ላይ አንድ ትልቅ ጥቁር ድንጋይ የተቀመጠበት ጉብታ አለ። እኛ «ድንጋዩ» እንለው ነበር። ወንድሜ ደምሴ የሞተው እዚያ ነው። ቦታውን ለቆ ሲወርድ ተመታ። ይህ እውነት ነው፤ በቦታው ስለነበርኩ አልክደውም። ሰው ማወቅ የሚፈልገው ግን ሌላ ነው። ለምን ወረደ? አፉ ባይጠይቅ ዓይኑ ይጠይቃል።

ደምሴ የሁለት ዓመት ሴት ልጅ አለችው። አንድ ቀን ትምህርት ቤት አንዱ ልጅ «አባትሽ ሲሸሽ ነው የሞተው» ይላት ይሆናል። ይህን የምጽፈው ያን ቀን የምትመልሰው እንዲኖራት ነው። አብረዋት ለሚያድጉትም ነው። እኔ አስራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ የዘመትኩ ነኝ፤ ብዙ መጻፍ አልለመድኩም። ስለ ጦርነቱ ምክንያት አልጽፍም። እሱን የሚያውቅ ይጻፈው። እኔ የማውቀው አስራ አንድ ሰው ብቻ ነው።

አስራ አንዳችን አንድ ጓድ ነበርን። የጓድ መሪያችን ሀብታሙ ይባላል። የጫጫ ልጅ ነው፤ ዕድሜው ሃያ አራት። ከመዝመቱ በፊት ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ በሚመላለስ ሚኒባስ ላይ ረዳት ነበር። መሪ ያደረጉት በድምፁ ነው ይላሉ። እውነትም ሀብታሙ ሲጮህ ከተራራ ማዶ ይሰማል። ከሁላችን ትልቁ ጋሽ ተክሉ ነበሩ። የመዘዞ ገበሬ ናቸው፤ ሃምሳ አራት ዓመታቸው፣ ጺማቸው የሸበተ፣ በአገራቸው የእድር ዳኛ። ከቆላው በኩል የመጣ ሙሄ የሚባል ሽንኩርት አምራች ነበር፤ ቀልደኛችን እሱ ነው። ከዚያ እኔና ደምሴ ነን፤ ሁለታችንም የአንኮበር ልጆች። ደምሴ በስድስት ዓመት ይበልጠኛል። አናጢ ነበር። የተናገረውን የሚሠራ፣ ያሰበውን የሚናገር ሰው ነው። ሁለተኛው ጠባይ ሁልጊዜ አልጠቀመውም።

ሥልጠናው ላይ አንድ ነገር ሆነ። በሁለተኛው ቀን አሠልጣኙ ጋሽ ተክሉን ከሰልፉ መካከል አያቸው። ትንፋሽ አጥሯቸው ቆመዋል።

«አንተ ሽማግሌ! ማን ቁም አለህ? ሩጥ!»

ሁላችንም መሬት መሬት አየን። የተሰደብነው እኛ የሆንን ያህል ነው ያፈርነው። ጋሽ ተክሉ ሮጡ። አሠልጣኙ ፊታችንን አይቶ ሳይገባው አልቀረም፤ ማታ ሰብስቦ እንዲህ አለን፦ «እዚህ አንቱ የለም። ጥይት አንቱ አይልም። የተማራችሁትን ይዛችሁ ካልሄዳችሁ እዚያ ትማሩታላችሁ፤ እዚያ ደግሞ ትምህርቱ ውድ ነው።» ሁላችንም «እሺ» አልን። በማግስቱ ወደ ጓዳችን ስንመለስ ጋሽ ተክሉን እርስዎ ማለታችንን ቀጠልን። ሀብታሙም እንዲሁ።

ይህ ነገር ያኔም ይገርመኝ ነበር። መሪው ሀብታሙ ነው፤ በወረቀት ላይ ያለውም እሱ ነው። ግን ማን ነው የሚመራን? ከደብረ ብርሃን በአይሱዙ ስንነሳ ጋቢና ውስጥ መቀመጥ የነበረበት ሀብታሙ ነው፤ መገናኛ ሬዲዮውን የያዘው እሱ ስለሆነ። ጋቢናውን ለጋሽ ተክሉ ለቀቀ። ራሱ ከኋላ የመኪናውን ብረት ጨብጦ፣ ግማሽ አካሉን ወደ ውጭ አውጥቶ ቆመ። በልማድ ነው። ሙሄ አላሳለፈውም።

«ወራጅ አለ!» አለ በቀጭን ድምፅ።

መኪናው ሙሉ ሳቀ። ሀብታሙም ሳቀ፤ ጆሮው ግን ቀላ።

«ሙሄ፣ አንተን ከዚህ ሳላወርድህ ዝም በል» አለው።

«ወላሂ መልሴን ሳልቀበል አልወርድም!»

የጣርማ በር ዋሻ ውስጥ ስንገባ ሳቁ ቆመ። ጨለማው ውስጥ የሞተሩ ድምፅ ብቻ ነበር። ከወዲያ ስንወጣ ብርዱም አገሩም ሌላ ሆኖ ጠበቀን። ከዚያ በኋላ በእግር ነው የሄድነው።

ያደርንበት ቦታ አንድ የተተወ በረት ነበር። ቆሎ ይዘን ነበር፤ በአንድ ቆብ ተደርጎ ይዞራል። እኔ ነገር መቁጠር እወዳለሁ፤ የቆቡን ዙር ቆጠርኩት። መጀመሪያ ለጋሽ ተክሉ። ሁለተኛ ለሀብታሙ። ሦስተኛ ደምሴ፤ በሥልጠናው ኢላማ ላይ አንደኛ ስለወጣ። እኔ ስድስተኛ ነበርኩ። ሙሄ መጨረሻ። ይህን ቅደም ተከተል ያወጣ ሰው የለም። ማንም ሲነጋገርበት አልሰማሁም። ግን አንድም ሰው አይሳሳትም። በሦስተኛው ቀን ሙሄ አንድ እግሩ የተጎዳ ሰው አዝሎ ዳገት ወጣ፤ ያን ማታ ቆቡ ከሀብታሙ ቀጥሎ ለእሱ ደረሰ። ማን ወሰነ? አላውቅም። እጆቹ ያውቃሉ።

ሀብታሙ ሌላውን ያዛል፤ ጋሽ ተክሉን ግን ያማክራል። «ጋሼ፣ በዚህ በኩል ብንይዝ ምን ይመስልዎታል?» ይላል። እሳቸው አንገታቸውን ሲነቀንቁ ነው እኛም የምንነሳው። ሙሄ «የእኛ አለቃ ትእዛዝ አይሰጥም፤ ሽማግሌ ይልካል» ይል ነበር።

ከውጊያው በፊት በነበረው ምሽት ደምሴ ተናገረ። ቆቡ በእጁ ነበር።

«እኔ አንድ ነገር ልበል» አለ። «ጋሼ ይቅር ይበሉኝ። እንዲህ ስንቀመጥ እርስዎ እንበላቸው። ተኩስ ላይ ግን ለእሳቸውም አንተ መባል አለበት። ‹ይተኙ› እስክትል ሰው ይመታል። ‹ተኛ› ነው የሚያድነው።»

እሳቱ ብቻ ይንጣጣል።

«የአባትህን እኩያ አንተ ልትል ነው?» አለ አንዱ።

«ለእሳቸው ብዬ ነው የምናገረው።»

«ለእሳቸው ከሆነማ እሳቸው ይበሉ!»

ሁሉም ወደ ጋሽ ተክሉ ዞረ። ጋሽ ተክሉ እሳቱን አዩ። አንድ እንጨት ወደ ውስጥ ገፉ። ምንም አላሉም።

ሙሄ ነገሩን በቀልድ ሊያበርደው ፈለገ። «ተዉት እባካችሁ፤ አንኮበር የነገሥታት ከተማ ነው። እነሱ እኮ ሁሉንም ሰው አንተ ነው የሚሉት!»

ሰው በጣም ሳቀ። ሲስቅ ግን ከደምሴ ራቅ ያለ መሰለኝ። ሀብታሙ «በቃ፣ ይብቃን» አለ። ቆቡ ከደምሴ እጅ ተወስዶ ዞረ። ሁለተኛውን ዙር ቆጠርኩት። ደምሴ የመጨረሻው ሆነ። ከእኔም በኋላ፣ ከሁሉም በኋላ ነው።

«ምን አስቸኮለህ?» አልኩት ስንጋደም።

«ውሸት ተናገርኩ?»

«አልተናገርክም።»

«እንግዲያው ተኛ» አለኝ። ጥቂት ቆይቶ ግን «ነገ እንዳያኮርፉኝ እንጂ» አለ። ወንድሜ እንዲህ ሲል ሰምቼው አላውቅም ነበር። ደምሴ ሰው አኮረፈኝ ብሎ የሚጨነቅ ሰው አልነበረም።

ከንጋቱ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ትእዛዝ መጣ። ድንጋዩን ይዘን እስከ ማታ እንድንቆይ ነው። በውርጭ ወጣን። ደምሴ ከጥይቱ በተጨማሪ የሌላ ሰው የውኃ ጀሪካን ተሸክሞ ነበር። ሀብታሙ አንድ ነገር ሲናገር ቀድሞ «እሺ» የሚለው እሱ ነበር። ገና ሳይጨርስ «እሺ» ይላል። አየሁት፤ ምክንያቱም ገባኝ።

አያያዛችን እንዲህ ነበር። ጋሽ ተክሉና ሙሄ በግራ፣ በትልቁ ድንጋይ ሥር። ሀብታሙ ከእነሱ ትንሽ ዝቅ ብሎ ከእርከን ጀርባ። እኔ መካከል። ደምሴ ከጓዳችን ልጆች ከአስናቀና ከብሩክ ጋር በቀኝ ክንፍ፣ ከኮረብታው ትከሻ ላይ፣ ጥሩ ምሽግ ውስጥ። ከእኔ እስከ እነሱ ስልሳ እርምጃ ያህል ነው። መካከሉ የታጨደ የገብስ ማሳ ነው። ቁጥቋጦ የለበትም። እነሱ ሀብታሙን አያዩትም። ሀብታሙም እነሱን አያይም። ስለዚህ የመሪው ቃል በእኔ በኩል ያልፋል። ሰልፍ ላይ የተማርነው ይህንን ነው፤ የሰማኸውን ለቀጣዩ አድርስ፤ አትጨምር፣ አትቀንስ።

ሦስት ሰዓት ላይ ተኩስ ተከፈተ። ከማዶ ሸንተረር ድሽቃ ነበራቸው። አፈሩ ይነሳል። ድንጋይ ይሰነጠቃል። ፊቴን መሬት ላይ አደረግሁ። የገብሱ ገለባ አፌ ውስጥ ገባ። ተኮስን። እነሱም ተኮሱ። ይህ ምን ያህል እንደቆየ አላውቅም።

ከዚያ የሀብታሙን ድምፅ ሰማሁ።

«ይውረዱ! ይውረዱ!»

ከዚያ በፊት ሌላ ቃል ነበረ፤ ድሽቃው ዋጠው። እኔ የሰማሁት ይህን ብቻ ነው። ይውረዱ። ማን ይውረዱ? ከእኛ ወዲያ ከፍ ብለው ያሉት የቀኞቹ ናቸው። ቀኞቹ ይውረዱ ማለቱ ነው። ይህን ለማሰብ የአንድ ትንፋሽ ጊዜ አልወሰደብኝም። ዞሬ ጮኽኩ።

«ቀኝ! ይውረዱ ብሏል!»

ደምሴ ቀና አለ። በእጁ ደረቱን መታ፤ እኛ? ማለቱ ነው። እኔም በእጄ ቁልቁል አሳየሁት። አዎ። ለአንድ አፍታ አየኝ። ምሽጉ ጥሩ ነበር፤ እዚያ ሆኖ ማንም አይነካውም፤ እሱም ያውቃል። በሌላ ቀን ቢሆን «ለምን?» ብሎ መልሶ ይጮህ ነበር። ወንድሜን አውቀዋለሁ፤ ይጮህ ነበር። ያን ቀን አልጠየቀም። ወደ ሁለቱ ዞሮ አንድ ነገር ተናገረ፤ ሦስቱም ተነሱ። አስናቀና ብሩክ ቀደሙ። እሱ እየተኮሰ ከኋላቸው መጣ።

አስናቀ አስር እርምጃ ሄደ። ብሩክ ትንሽ አለፈው። ደምሴ ማሳውን አጋምሶ ነበር። ሦስቱም እዚያው ቀሩ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ቀን በደንብ አላስታውስም። ግራ እጄን ተመታሁ፤ ሁለት ጣት ሄደ። ስምንት ሰዓት ላይ ጥይት ሊያመጣ የወረደው ሌላው የጓዳችን ልጅ ታደሰ ተመትቶ ሞተ። አስር ሰዓት ላይ ማዶው ዝም አለ። አስራ አንድ ሰዓት ላይ ሬሳዎቹን ከማሳው አነሳን። ደምሴን ያነሱት ጋሽ ተክሉና ሙሄ ናቸው። ጋሽ ተክሉ አንድ ጭረት አልነበረባቸውም።

ማታ የመቶ መሪው በሬዲዮ ጠየቀ። «ቀኙን ማን አስለቀቀው?»

ሀብታሙ ሬዲዮውን እንደያዘ መሬት መሬት አየ። «እኔ አላዘዝኩም» አለ።

«ታዲያ?»

«አላዘዝኩም።»

ሬዲዮው ተዘጋ። ዙሪያውን ተቀምጠናል። እሳት አልነደደም። አንዱ፣ ክፋት የለበትም፣ እንዲሁ ዝምታው ከብዶት ይመስለኛል፣ «እንግዲህ ራሳቸው ለቀው ነው» አለ። ሌላው «ደምሴ ነበር የሚመራቸው» አለ። ሦስተኛው «እሱ መቼ ትእዛዝ ይሰማል፤ ትናንት አላያችሁትም?» አለ። እንዲህ ሆኖ አለቀ። በሦስት ዓረፍተ ነገር። ሙሄ እንኳ አልቀለደም።

እኔ የሀብታሙን ድምፅ ሰምቻለሁ። ግን ሀብታሙ የሚዋሽ ሰው አይመስልም ነበር፤ ፊቱን አይቼዋለሁ። እንግዲያው የሰማሁት ምንድን ነው? ፈርቼ በጭንቅላቴ ውስጥ የፈጠርኩት ድምፅ ይሆን? ወንድሜን በሌለ ቃል ነው ያስወጣሁት? ይህን እያሰብኩ ሳለ የቆሎው ቆብ መጣ። መጀመሪያ ለእኔ። ከጋሽ ተክሉ በፊት፣ ከሀብታሙ በፊት። ሐዘንተኛ ነኝና አከበሩኝ። ዓይናቸው ላይ ፍቅር ነበር። በዚያች ሰዓት «እኔ ነኝ ውረዱ ያልኳቸው» ብዬ ብናገር ይህ ክብር ወዴት ይሄዳል? ከእነሱ ውጭ ማን አለኝ? እጄን ሰድጄ ዘገንኩ። አኘክሁ። ሰው አፉ ሞልቶ አይናገርም።

ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ሁለት ሳምንት ተኝቼ ወደ አንኮበር ተመለስኩ። ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። ልቅሶ የሚደርስ ሰው እጥረት አልነበረም፤ ሁሉም ይመጣል፣ ሁሉም ያለቅሳል። ግን የደምሴን ጀግንነት የሚያነሳ አልቃሽ አልነበረም። ስለ ደግነቱ፣ ስለ እጁ ሙያ፣ ሠርቶ ስለሰጠው በርና መስኮት ነው የሚያለቅሱት። እናቴ ይህን ለይታ ሰማችው። አንድ ቀን ብቻችንን ስንሆን ጠየቀችኝ።

«ልጄ ሸሽቶ ነው?»

«አይደለም እማዬ።»

«ታዲያ ማን ውረድ አለው?»

መልሱ ነበረኝ፤ ግን አልመለስኩም። እሷም ደግማ አልጠየቀችኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤት መቀመጥ አቃተኝ።

ጓዳችን ከዚያ በኋላ ተበትኖ ነበር። ጋሽ ተክሉ ወደ አገራቸው ተመልሰዋል ሲባል ሰማሁና መዘዞ ሄድኩ። አውድማ ላይ አገኘኋቸው፤ ገብስ ይወቃሉ። ሲያዩኝ በሬዎቹን አቁመው አቀፉኝ። ጭድ ላይ ተቀመጥን። ስለ ጣቴ ጠየቁኝ፣ ስለ እናቴ ጠየቁኝ። እኔ ግን አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር ይዤ የሄድኩት።

«ጋሼ፣ ያን ቀን ሀብታሙ ‹ይውረዱ› ሲል ሰምተዋል?»

«ሰማሁ እንጂ» አሉኝ ተገርመው። «ለዚያ አይደል የወረድኩት።»

«የት ነበሩ?»

«ድንጋዩ ላይ። ድሽቃው ከወዴት እንደሆነ ልይ ብዬ ወጥቼ ነበር። ‹ጋሼ ይውረዱ› አለኝ፤ ተንሸራትቼ ወረድኩ። ነፍሴን ያተረፋት እሱ ነው።»

ጭዱ ላይ እንደተቀመጥኩ ቀረሁ። በሬዎቹ ያመነዥካሉ። አንዲት ቃል ናት። ለአንድ የተከበረ ሰው «ይውረዱ» ይባላል። ለብዙ ሰዎችም፣ እነሱ ይውረዱ ለማለት፣ «ይውረዱ» ነው። ትምህርት ቤት የግስ ርባታ ስንማር ሁለቱን ጎን ለጎን ጽፈናቸዋል። ፈተና ላይ መጥቶልኝ አልሳትኩትም። ሀብታሙ ‹ውረድ› ቢል ኖሮ ለአንድ ሰው እንደሆነ እኔም አውቅ ነበር፤ ደምሴም ያውቅ ነበር።

ነገርኳቸው። ቀስ ብዬ፣ እየተደነቃቀፍኩ። የሰማሁትን፣ ያስተላለፍኩትን፣ ደምሴ ደረቱን መታ ማድረጉን። ጋሽ ተክሉ ሲገባቸው አየሁ። ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ያን ማታ» አሉ በመጨረሻ፣ «ወንድምህ ‹አንተ በሉት› ሲል እውነቱን እንደሆነ አውቅ ነበር። ‹ልክ ነው› ብል ያልቅ ነበር። ሁሉም እኔን ነበር የሚያየው።»

«ለምን አላሉም ጋሼ?»

«እዚያ እኔ ምን ነበርኩ ልጄ? ሩጫው አቅቶኛል፣ ዓይኔ ደክሟል። አገሬ ላይ ሰው የሚዳኘኝ ሳይሆን ሰው የምዳኝ ነኝ። እዚያ የቀረችኝ ያቺ ‹እርስዎ› ብቻ ነበረች። በራሴ አፍ ልጣላት?»

አልተቆጣሁም። ለምን እንዳልተቆጣሁ እስካሁን አላውቅም። ቆሎ ስዘግን የነበረውን እጄን አስታወስኩ መሰለኝ።

ሀብታሙን ደብረ ብርሃን መናኸሪያ አገኘነው። ወደ ሚኒባሱ ተመልሷል። ጋሽ ተክሉን ከእኔ ጋር ሲያይ የመኪናውን በር እንደያዘ ደረቀ። ሾፌሩ «ምን ሆንክ፣ ሞልቷል እኮ!» እያለ ጮኸበት። ሀብታሙ ሌላ ልጅ በእሱ ፈንታ አሳፍሮ ወረደና ከመናኸሪያው አጥር ሥር ከእኛ ጋር ቆመ። ገና ሳንጠይቀው ጀመረ።

«‹አላዘዝኩም› ያልኩት እውነቴን ነበር። የዚያን ሰዓት አልገባኝም። የገባኝ በማግስቱ ነው፣ ለጋሼ ‹ይውረዱ› ብዬ መጮኼን ሙሄ ሲያወራ። ግን በማግስቱ ሁሉም ተስማምቶ ጨርሷል። ማንን ልጥራ? ስብሰባ ልጥራ? እንዲህ ያለ ነገር ብናገር ማን ይሰማኛል? ‹ወራጅ አለ› የሚሉኝ ልጆች ናቸው።»

«ደምሴ ግን...» አልኩ።

«ደምሴ አይመልስም» አለ። «ለዚያ ነው ቀላል የሆነው።» ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። «አንተስ? ውረዱ ያልካቸው አንተ ነህ። ለምን ዝም አልክ?»

«ከእናንተ ጋር መቀመጥ ፈልጌ» አልኩት።

ሀብታሙ አንገቱን ነቀነቀ። እንደገባው አየሁ።

የደምሴ ሰማንያ የወጣ ቀን ሦስታችንም አንኮበር ሄድን። ቤቱ ሞልቷል። ወንዶቹ በግድግዳው ዙሪያ፣ ሴቶቹ ወደ ጓዳው፣ ልጆቹ ከፍ ባለው የጭቃ መደብ ላይ ተደርድረዋል። ጋሽ ተክሉን ሲያዩ ከላይ በኩል ቦታ ለቀቁላቸው። እሳቸው አልተቀመጡም። በሩ አጠገብ እንደቆሙ ተናገሩ። ስማቸውን፣ አገራቸውን፣ ድንጋዩ ላይ መውጣታቸውን፣ ያን ማታ ዝም ማለታቸውን። እኔ ቀጠልኩ። ቃሉን ያቀበልኩት እኔ መሆኔን ተናገርኩ። እናቴን ማየት አልቻልኩም። ሀብታሙ መጨረሻ ተናገረ።

ሰዉ ተንሾካሾከ። አንድ የሰፈራችን ሽማግሌ አላመኑም። «በአንድ ቃል?» አሉ። «በአንድ ቃል ሰው ይሳሳታል?»

እናቴ ከጓዳው በር ብቅ አለች።

«አንተ ልጅ» አለችው ሀብታሙን። «እስቲ በለው። እንደዚያ ቀን አድርገህ በለው።»

«እማማ፣ እዚህ ቤት ውስጥ...»

«በለው።»

ሀብታሙ ወደ ጋሽ ተክሉ ዞረ። ዓይኑን ጨፈነ። በሙሉ ድምፁ ጮኸ።

«ይውረዱ!»

መደቡ ላይ የነበሩት ልጆች በሙሉ ዱብ ዱብ ብለው ወረዱ። አንዱ እንኳ ለምን ብሎ አልጠየቀም። መሬት ላይ ቆመው የምንላቸውን ይጠብቁ ጀመር።

ሽማግሌው ልጆቹን አዩ። እናቴም ልጆቹን አየች። «ገባኝ» አለች፤ ሻሿን ወደ አፏ አስጠግታ ወደ ጓዳ ገባች። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከውስጥ ማልቀስ ጀመረች። በዚህኛው ልቅሶዋ ስሙን እየጠራች፣ ታዛዡ ልጄ፣ ምሽጉን በትእዛዝ የለቀቀው ልጄ እያለች ነበር። ሴቶቹም ተቀበሏት።

ከአስራ አንዳችን አራት ሞተዋል። አስናቀ፣ ብሩክ፣ ታደሰ፣ ደምሴ። ማዶ ስንት እንደሞተ አላወቅንም፤ እዚያም የሚቆጥር አለ። ስለ ሌሎቹ ሦስቱ ቤተሰቦቻቸው ይጻፉ፤ እኔ ስለ ሌላ ሰው ልጅ አውርቼ የምጨርሰው እውቀት የለኝም። አንድ ነገር ብቻ እስካሁን ይገርመኛል። አንዳችን ለአንዳችን ለመሞት የተዘጋጀን ሰዎች፣ አንዳችን አንዳችንን «አንተ» ማለት አልቻልንም ነበር። ፍርሃት አይደለም። ጥይት ያልፈራ ሰው ነው። ምን እንደሆነ የሚያውቅ ካለ ይጻፍልን።

ደምሴ ሃያ ሰባት ዓመቱ ነበር። ቦታውን የለቀቀው ታዞ ነው። ትእዛዙን ያደረስኩለት እኔ ነኝ።